እሳት ያላየ ገጀራ

ፎቶዎቹን የያዘው ፍላሽ የተለጠፈው ከሾፌሩ እግር ስር፣ ከጎማው ምንጣፍ ጀርባ ነበር።

ሙባሪክ ከፒካፑ ወረደ። ቁልፉን እዚያው ተወው። ገና ማለዳ ቢሆንም የወልቂጤው ላቫጆ ጭቃና አረፋ ሆኗል። አጣቢው ምንጣፎቹን እየጎተተ አውጥቶ ሽቦ ላይ ሰቀላቸው። አጠገባቸው የሌላ መኪና ምንጣፎች ይንጠባጠባሉ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

ጥላው ስር አንድ ሰው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መፋቂያው በግራ ጉንጩ በኩል ነው።

ግራ ማለት ሰላም ነው።

ሙባሪክ አጠገቡ ተቀመጠ። አልተያዩም። ሁለቱም የሚያዩት ውሃውን ነው።

«ምንጣፉ ደረቀ?» አለ ሰውየው።

«የቀኙ ደርቋል። የግራው ገና ነው።»

ፎቶዎቹ ደርሰዋል፣ ቦታው ግን አልታወቀም ማለቱ ነው።

«ገና፣ ገና ትላለህ። ዓመት አልፎህ የለም እንዴ ከሴትየዋ ጋር?»

«የመጨረሻውን መንገድ በእግሯ ነው የምትሄደው። እኔን አስፋልት ላይ ታቆመኛለች።»

«ሙሽሪት በዚህ ሳምንት መውጣት አለባት። ሴትየዋ ለውጭ ሰዎች ልታስረክባት ቀን ቆርጣለች። የአገር ሀብት ነው የሚሸጠው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ሰውየው ተነሳ። ከሽቦው ላይ አንድ ምንጣፍ አንስቶ ወደ መኪናው ሄደ። የራሱ ምንጣፍ አልነበረም። ማንም ልብ አላለውም።

ይህ ሰው «ወንፊት» ነው። ሌላ ስም ካለው ሙባሪክ አያውቀውም። ሙባሪክም ቢሆን ሙባሪክ አይደለም። ወንፊት ዘንድ «ስንጥር» ይባላል፤ እናቱ ባወጣችለት ስም ከተጠራ ደግሞ ቆይቷል። ለአካባቢው ሰው ግን ጉብሬ አጠገብ ያለ የአንድ ምርምር ጣቢያ ሾፌር ነው። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ሰላት የማያሳልፍ። ይህን ሰው ሆኖ ከመኖር ብዛት አንዳንዴ የሚወደው ይመስለው ነበር።

ሙሽሪት ማን ናት ያላችሁ እንደሆነ፣ እንሰት ናት። አትሳቁ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ አንድ ጓሮ ከገባ ጓሮው አለቀለት ማለት ነው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወርዳል፣ የቤተሰቡን የዓመት ቆጮ አፈር ይበላዋል። መድኃኒት የለውም። በዚህ መሃል አንዲት እንሰት በበሽታው መካከል ቀጥ ብላ ቆማ ከተገኘች፣ እሷን ለመስረቅ ሰላይ ቢላክ ምን ይገርማል?

ያገኘቻት ዶክተር ብርቄ ሀብቴ ናት። ሞለኪውላር ባዮሎጂስት። ውጭ አገር ተምራ፣ እዚያ ቅሪ ስትባል እምቢ ብላ ተመልሳ፣ ዕድሜዋን በዚህ አንድ በሽታ ላይ የጨረሰች ሴት። የት እንዳገኘቻት ግን በጽሑፏ ላይ አልገለጸችም። የሙባሪክ ሥራ ይህን ማወቅ ነበር።

ከላቫጆው ሲወጣ በመስታወቱ አየ።

ነጭ ቪትዝ።

ወደ ቀኝ ታጠፈ። ቪትዙም ታጠፈ። ጎማ ለማስነፋት ቆመ። ቪትዙ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ወደ ጉብሬ ሲያመራ ጠፋ። የገዢዎቹ ሰዎች ናቸው ብሎ አሰበ፤ ወንፊት እውነቱን ነው፣ ሴትየዋን እየጠበቋት ነው ሲል ልቡን አጠነከረ። ምስኪን! የገዛ አለቃው እየተከተለው መሆኑን በምን ይወቅ?

---

ዶክተር ብርቄ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። የላስቲክ ቦት ጫማ፣ የደበዘዘ ሹራብ፣ የናሙና ሳጥን።

«ዛሬ አገና፣ ከዚያ ቡታጅራ» አለች ገባ ብላ። «መኪናውን አሳጠብከው? ለየትኛው ሰርግ ነው?»

«ጭቃው ከብዶት እኮ ነው፣ ዶክተር።»

«አሁን እንደገና ልታጨቀየው።»

እንዲህ ነበሩ። መንገድ ላይ ሌላ ሰው ስለ ልጆቹ እንደሚያወራ እሷ ስለ ምርምር ወረቀቶቿ ታወራለች። ልጅ አልወለደችም፤ ወረቀቶቿን ግን እያንዳንዳቸውን የት እንደተወለዱ ታውቃለች። ጉብሬን ሲያልፉ የጨነገፈችውን ወረቀቷን ታነሳለች። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲቀልጥ የሁለት ክረምት ናሙና ውሃ ሆኖ ቀረ፣ ወረቀቷም አብራ ቀረች። በቆሼ ከተማ ዙሪያ፣ በበርበሬ ማሳ መሃል እንሰት ተክላ ሙቀቱ የገደለባትን ደግሞ፣ «አልተሳካም ብዬ የጻፍኩባት ናት፤ ማንም አላነበባትም፣ እኔ ግን እወዳታለሁ» ትላለች። አገና የበኩሯ አገር ነው። ገና ወጣት ሳለች የጻፈችው፣ በሽታው ከጓሮ ጓሮ የሚሄደው በቢላና በገጀራ ነው የሚለው ወረቀት።

ስለዚህ ነው ገጀራዋን እሳት ሳታሳይ ከአንድ ጓሮ ወደ ሌላ የማትሄደው። አንዲት ቅጠል ብትቆርጥ እንኳን ትንሿን ቡታጋዝ አውጥታ ስለቱን ታቃጥለዋለች። ሙባሪክ ይህንን ስንቴ አይቷል! «ዶክተር፣ ብረቱን እኮ ሊጠብሱት ነው» እያለ ስንቴ ቀልዷል!

ከሁሉም የምትኮራባት ግን የመጨረሻዋ ናት። ሙሽሪት፣ ሌሎቹ እንሰቶች የሌላቸው አንድ ዘረመል እንዳላት ያሳየችባት። ዘረመሉ በምስሉ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ያቺን መስመር ለማየት ግማሽ ዕድሜ ፈጀባት።

አገና ደርሰው አንድ የታመመ ጓሮ ገቡ። ዶክተሯ በገጀራው ግንዱን ከፈተችው። ቢጫው ፈሳሽ ስለቱ ላይ ወረደ። ናሙናዋን ወስዳ ወደ መኪናው ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። ቆማ አነበበች። ደግማ አነበበች።

ገጀራው ከእጇ ወርዶ የመኪናው ወለል ላይ ወደቀ።

«እስቲ አንተ እየው» አለች ስልኩን እየሰጠችው። ድምጿ ተለውጧል። «ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?»

ከጆርናሉ የተላከ ኢሜይል ነበር። ስሙን ያልገለጸ ሰው ጥቆማ አቅርቧል። ዶክተሯ ያሳተመችው ምስል የፈጠራ ነው፣ ዋናው ምስል ይኸው ይላል። ምርመራ ተጀምሯል። የቀደሙት ወረቀቶቿም ይፈተሻሉ። አብረዋት የጻፉት ሰዎች ስማችን ይውጣ ብለዋል። ከስር ፎቶ ተያይዟል።

ሙባሪክ ፎቶውን አየ።

በሁለት ጣቱ አሰፋው።

በፎቶው ጥግ ጥላ አለ። ስልክ የያዘ እጅ ጥላ። እሷ ምሳ ላይ ሳለች ላብራቶሪው ውስጥ በችኮላ ሲያነሳው በመስኮት የገባው ብርሃን የጣለው ጥላ።

የእሱ እጅ ነው።

መስመሯ ግን የለችም። እሱ ሲያነሳ ነበረች፣ አሁን ጠፍታለች። አንድ ሰው ፍቋታል። ያን ፎቶ ደግሞ የሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። ስሟ የጠፋ ተመራማሪ ነገ «እንሰቷ የእኔ ግኝት ናት» ብትል ማን ይሰማታል? ሻጩ ወንፊት ራሱ ነው። መጀመሪያ ስሟን ገደለ፣ ቀጥሎ ተክሏን ይወስዳል። ለመግደያው ስለት ያቀበለው ሙባሪክ ነው።

ዶክተሯ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። እሱ ከመኪናው ኋላ ዞረ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደወልበት ቁጥር ነበረው፤ አዲስ አበባ፣ ከወንፊት በላይ ያለ የመንግሥት ቢሮ። ደወለ።

«አቤት።» የሴት ድምፅ ነው።

«ስለ ሙሽሪት ሰርግ ነው የምደውለው።»

የወረቀት ኮሽታ።

«ያ ጉዳይ ከተዘጋ ከረመ። ሰው ሁሉ ወጥቷል ተብሎ ነው የተዘጋው። አንተ ማነህ?»

ስልኩን ዘጋው። ሲም ካርዱን አውጥቶ ሰበረው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጊዜ ለማን ሲሰልል ነበር? ለአገር አልነበረም። ለአንድ ሌባ ነበር። ጩህ ጩህ አለው። አልጮኸም። ሾፌር በሴት ዶክተር ፊት አይጮህም።

ዶክተሯ ተመለሰች። ሳጥኗን ጫነች። ገጀራውን ሳታየው ዘግታበት ገባች።

ቡታጋዙን ለማውጣት ማንም አላሰበም።

---

ወደ ቡታጅራ ሲወርዱ ብዙ አላወሩም። ከተማው ሲቃረብ ግን ዶክተሯ፣ «ዛሬ አስፋልት ላይ አታቁመኝ» አለች። «እስከ በሩ አድርሰኝ። ከእንግዲህ አንድ የሚያምነኝ ሰው እንኳ ይየው።»

ምናለ ይህን ባልተናገረች!

ግቢው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ መስቃን ገጠር ከሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለው። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ከድጄ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሮጊት። በሩ ጥግ ላይ የሸክላ ምድጃ ፍም ይዟል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ» አለ ሙባሪክ።

«ወአለይኩም ሰላም። ስለት ነገር ይዛችኋል?»

«መኪና ውስጥ ነው፣ ከድጄ» አለች ዶክተሯ።

«እዚያው ይቅር። የያዘ ሰው መጀመሪያ እዚህ እሳት ላይ ነው። ወንድሜም ቢሆን፣ ቃዲም ቢሆን።» ወደ ሙባሪክ ዞሩ። «አትቀየመኝ፣ የኔ ልጅ። ጎረቤቶቼ እኮ ስስታም ይሉኛል፣ ገጀራ አላውስም። የነሱ ጓሮ አለቀ፣ የኔ ይኸው።»

ጓሮው ጥቁር አረንጓዴ ነበር። እንሰቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ከመሃል አንዷ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ የምትበልጥ፣ ግንዷ ላይ ቀላ ያለች። አንገቷ ላይ በሽቦ የታሰረ የቆርቆሮ ቁራጭ አለ፤ ቁጥር በሚስማር ተጭሮበታል።

ሙሽሪት።

ወንፊት ስሙን ያወጣው ከዶክተሯ ጽሑፍ ላይ ነው። «ለሙሽራ የተሰጠች ዝርያ» ብላ ጽፋ ነበር።

«እናቴ ናት የሰጠችኝ» አሉ ከድጄ። «ስዳር ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝ። አምቾዋን፣ ወፍራም ሥሯን፣ ቀብረን ዳግመኛ ችግኝ ስታወጣ እኔም የመጀመሪያዬን አረገዝኩ። ይሄ ጓሮ ባይኖር፣ እነዚህን ልጆች በምን አበላቸዋለሁ? ብርቄ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል ዛሬ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«አላህ ያግዝሽ። እኔ ለቅሶ ቤት ልሄድ ነው፤ ልጆቹም እዚያው ናቸው።»

ሁሉም ከግቢው ሲወጡ የሙባሪክ ሌላው ስልክ ተንቀጠቀጠ። ራቅ ብሎ አነሳው።

«ቆንጆ ግቢ ነው» አለ ወንፊት። «አረንጓዴ በር።»

ሙባሪክ ቀና አለ። ከመንገዱ ማዶ፣ ባህር ዛፎቹ ስር።

ነጭ ቪትዝ።

«የአንተ ናት እንዴ?» አለ።

«ሁሉም የእኔ ነው። ዛሬ ከሰዓት ጫናትና መናኸሪያው ጀርባ አምጣት። ካላመጣሃት የኔ ሰዎች ይገባሉ። እነሱ ደግሞ እንዳንተ ጨዋ አይደሉም። አሮጊቷ ታሳዝነኛለች።»

ስልኩ ተዘጋ።

---

ዶክተሯን ቡታጅራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አደረሳት። ለጆርናሉ መልስ ልትጽፍ ነው። ከመኪናው ስትወርድ ወደ ፊቱ አየች።

«ኮሚቴ ይልካሉ» አለች። «ይምጡ። ምስሉን አይመኑት፣ እኔን አይመኑኝ። ጓሮ ውስጥ ቆማለች። በሽታውን ፊታቸው እወጋታለሁ፣ ከርመው ተመልሰው ይዩዋት። ሌላ ማስረጃ የለኝም፣ ሙባሪክ። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ሁሉ እኔው አስገባሁት ይላሉ። እሷን ግን ማንም አልፈጠራትም ማለት አይችልም።»

«እሺ፣ ዶክተር» አለ።

ሌላ ምን ይላል? እንሰቷ ከቆመች ወንፊት ይወስዳታል፣ ከድጄም ይጎዳሉ። ከተነቀለች የዶክተሯ ስም አብሮ ይነቀላል። እውነቱን ቢነግራት እዚያው ሄዳ በሩ ላይ ትቆማለች፤ የቪትዙን ሰዎች ደግሞ ያውቃቸዋል፣ ባይተዋወቁም ዓይነታቸውን ያውቃል።

አንድ መንገድ ብቻ ታየው። ሌላ እንሰት አስረክቦ እውነተኛዋን ማሸሽ።

ተመልሶ ነዳ። የመኪናውን ኋላ በሩ ላይ አስጠግቶ አቆመ። ቪትዙ ውስጥ ያለው ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀለት። ሥራህን ቀጥል ዓይነት ነው።

ገጀራውን ከወለሉ አነሳ። አካፋ ያዘ። አጥሩን ዘሎ ገባና በሩን ከውስጥ ከፈተ።

ምድጃው አመድ ለብሶ ቀስ ብሎ ይጨሳል። ተሻግሮት አለፈ።

ወደ ጓሮው መሃል ለመድረስ መንገድ አልነበረም። ቆረጠ። ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥር። ግራ ቀኝ። ውሃቸው ፊቱ ላይ ተረጨ። ከዚያ ቆፈረ። አፈሩ ለስላሳ ነው፣ የዓመታት ፍግ የበላ ነው። የሙሽሪትን ሥሮች ዙሪያውን በገጀራው በጠሳቸው። ግንዷን አሳጥሮ ቆረጠና አምቾዋን ገፍትሮ አወጣት። የሕፃን ልጅ ያህል ትከብዳለች።

ውጭ የመኪና በር ተከፈተ።

ከእንሰቶቹ ጀርባ አጎነበሰ።

የእግር ድምፅ። ቆመ። ሽንት። ተመልሶ ሄደ።

አጠገቧ ያለችውን፣ በመልክ የምትመስላትን እንሰት መረጠ። እሷንም ነቀላት። የቆርቆሮውን ቁራጭ ከሙሽሪት ፈትቶ አንገቷ ላይ አሰረው። ሽቦው ጣቱን ቆረጠው። እውነተኛዋን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ከናሙና ሳጥኑ ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ስር ሸጎጣት። ሐሰተኛዋን በሌላ ከረጢት አድርጎ ከላይ ጫነ፣ ሁሉም እንዲያያት።

ወደ ኋላው አየ። ጓሮው መሃሉ ተቦድሷል። ይቅር ይበሉኝ እማማ አለ በልቡ፤ ሁለት እንሰት ብቻ ነው፣ ሌላው ቆሟል ብሎ ራሱን አጽናና።

---

መናኸሪያው ጀርባ አውቶቡሶች እየጮሁ ይወጣሉ። «ሆሳዕና! ሆሳዕና!» «ዝዋይ የሞላ!» ወንፊት አንድ የተዘጋ መጋዘን በር ተደግፎ ቆሟል። መፋቂያው አፉ ውስጥ የለም።

ግራ ሰላም፣ ቀኝ አደጋ። ምንም አለመኖሩ ምን እንደሆነ አልተነጋገሩም።

ሙባሪክ ወረደ። ቪትዙ ከኋላው መንገዱን ዘጋ።

«ሙሽሪት?» አለ ወንፊት።

«ሙሽሪት።»

ወንፊት ከላይ ያለውን ከረጢት ገልጦ የቆርቆሮውን ቁራጭ አየ። ስልኩን አውጥቶ ከአንድ ነገር ጋር አስተያየው። ግንዱን በጥፍሩ ጫረ።

«ከኋላ ምን ጭነሃል?»

«ናሙና። የታመመ እንሰት ነው፣ ከአገና። ክፈተው።»

ወንፊት እጁን ወደ ሳጥኑ ዘረጋ። ክዳኑን ሲያነሳ የበሰበሰው ሽታ አፍንጫውን መታው። ፊቱን አዞረ።

«ዝጋው።»

ሙባሪክ ዘጋው።

«ጎበዝ» አለ ወንፊት። «ሥራህ አልቋል። ከዛሬ ጀምሮ ሙባሪክ የሚባል ሾፌር የለም። አፍህን ከከፈትክ ፎቶው ላይ ያለው ጥላ የማን እጅ እንደሆነ እናገራለሁ። ሌባው አንተ ነህ፣ ሐሰተኛዋ እሷ ናት፣ እኔ ደግሞ የለሁም። እንደዚህ ነው የተሠራው።»

«ዶክተሯስ?»

«የቷ ዶክተር?»

ሳቀ። ቪትዙ መንገዱን ለቀቀ።

---

ለዶክተር ብርቄ የነገራት ከቡታጅራ ወደ አገና ሲመለሱ ነው። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ሁሉንም ተናገረ። ላቫጆውን፣ ፎቶውን፣ ወንፊትን፣ ማን እንዳልሆነ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ይቅርታ የሚባለው ቃል አነሰበት። እሷ አላቋረጠችውም። መስኮቱን ከፍታ ነፋሱን ታየዋለች፣ ነፋስ የሚታይ ይመስል።

አገና የእህቷ የየሺመቤት ቤት ደረሱ። ፀሐይ አልጠለቀችም። የሺመቤት ጉድጓድ ቆፍራ፣ ፍግ አልብሳ፣ ምንም ሳትጠይቅ ጠበቀቻቸው። የሴት ወይዘሮ ነገር! እህቷ በስልክ ቆፍሪ አለቻት፣ ቆፈረች። ዶክተሯ አምቾዋን ተቀብላ የመሃሏን ቡቃያ ፈልፍላ አወጣች፤ ዳር ዳሩን ብዙ ችግኝ እንድታወጣ። ከዚያ ቀበረቻት።

እጇን አራገፈች። ያኔ የመኪናውን ወለል አየች።

ገጀራው ላይ የደረቀ ቢጫ ነገር ነበር።

«ሙባሪክ።»

«አቤት።»

«ከድጄ ጓሮ የገባኸው በዚህ ነው?»

ዓይኑ ወደ ገጀራው ሄደ።

«እሳት አሳየኸው?»

አገና፣ ጠዋት፣ የታመመው ግንድ። ከእጇ የወደቀው ገጀራ። የከድጄ ምድጃ። ተሻግሮት ያለፈው ፍም። ግራ ቀኝ እየቆረጠ የገባበት መንገድ፣ የእያንዳንዱ እንሰት ቁስል።

«አላሳየሁትም» አለ።

ዶክተር ብርቄ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኢሜይሉን ስታነብ አላለቀሰችም ነበር። አሁን አለቀሰች።

«ጠዋት እኔ ነበርኩ ማሳየት የነበረብኝ» አለች። «ተውኩት። በኋላ አንተ ተውከው። ከድጄ ናት የምትከፍለው።»

«ለኮሚቴው እኔ እመሰክራለሁ።»

«ምን ብለህ? ማን ነኝ ብለህ?» ቀና አለች። «ከተናገርክ ያ ሰው የያዘው ሌላ መሆኑን ያውቃል። ይቺን ፍለጋ እዚህ ይመጣል። የሺመቤትን ያገኛታል።» አፈሩን በመዳፏ ደለደለችው። «ዝም በል። እኔም ዝም እላለሁ። እኔን ግን ደግመህ አታናግረኝ።»

ቁልፉን ከጎማው ምንጣፍ ስር አኖረው። በእግሩ ወደ መንገዱ ወጣ።

---

ኮሚቴው መጣ። ከድጄ ጓሮ ሲደርሱ እንሰቶቹ ቢጫ ሆነው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። በሽታ የምትቋቋም ተክል አለችበት በተባለው ስፍራ የተገኘው የታመመ እንሰት ብቻ ነው ብለው ጻፉ። ዶክተሯ ፊታቸው ቆማ አንዲት ቃል አልተናገረችም አሉ። ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠሩት።

ሙባሪክ ይባል የነበረው ሰው ይህን ያነበበው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም ይዞ፣ ሲሚንቶ የሚጭን መኪና እየነዳ ሳለ ነው። የሙሽሪት ወረቀት ተሰረዘች። ከዚያ የቀደሙት ተከተሉ። የቆሼዋ ወረቀት ተሰረዘች፤ ማንም ያላነበባት፣ እሷ ግን የምትወዳት። ጣቢያው አሰናበታት። ከድጄን፣ ጓሯቸው ካለቀ በኋላ፣ ልጃቸው ወደ ቆሼ ወሰደቻቸው። እዚያ የሰው በርበሬ ይለቅማሉ አሉ፣ ወገባቸውን እየያዙ።

አንዲት ወረቀት ብቻ ሳትሰረዝ ቀረች። በኩሯ። በሽታው የሚሄደው በስለት ነው የምትለው። መርማሪዎቹ አዲሱን ማስረጃ አይተው ትክክል ናት አሉ። አዲሱ ማስረጃ የከድጄ ጓሮ ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከወልቂጤ የአገና ሚኒባስ ተሳፈረ። ለምን እንደሄደ ቢጠየቅ አያውቀውም። ኋላ ወንበር፣ ጥግ ላይ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ። ጉብሬን አለፉ። የጨነገፈችው ወረቀት አገር። አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ የሬዲዮው ዘፈን ይጮኻል። ከእነዚህ ተሳፋሪዎች አንዱም በዚህ መንገድ ላይ የአንድ ሰው ዕድሜ ተዘርግቶ እንደነበር አያውቅም።

አገና ሲቃረብ የየሺመቤት አጥር ታየ።

ከአጥሩ በላይ ቀላ ያሉ ለጋ ቅጠሎች ብቅ ብለዋል። ብዙ ናቸው። አንዲት የላስቲክ ቦት ያጠለቀች ሴት ጎንበስ ብላ ምድጃ ላይ ገጀራ ታገላብጣለች። ጎረቤት ሴት ችግኝ ለመቀበል ከረጢት ይዛ ቆማለች። የተክሉን ስም አልጠየቀቻትም። ማንም አይጠይቃትም።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ሚኒባሱን አየችው። ዓይኗ መስኮቶቹ ላይ አለፈ፣ ኋለኛው ላይ ሲደርስ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወደ እሳቱ ተመለሰች።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

ዶሮ የታቀፈችው ሴት ወደ ጎኗ አየች፤ የሚወርድ መስሏት እግሯን ሰብስባለት ነበር።

ሰውየው ኮፍያውን ይበልጥ ዝቅ አደረገው።

«የለም፣ ንዳው» አለ ረዳቱ፣ በሩንም ዘጋው።